የጥርስ ሕመም፦ ሶብሩ እስከ የት ነው?



በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ጥርስ ነው። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ባለፈው ረመዷን ዶርማችን ውስጥ የሆነው ነገር ስለ ጥርስ እንዳነብ፣ የጤና ተማሪዎችንና ሐኪሞችን እየተከታተልኩ እንድጠይቅ አደረገኝ። ያገኘሁት መልስ ዶርም ውስጥ ለሚኖር ሰው ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ ለጀመዓው ላካፍለው ወደድኩ።

ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። የጥርስ ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀጠሮ ይዞ የሚጠብቅ አለ፤ ከዛሬ ማለፍ የሌለበት አለ፤ ሌሊቱን እንኳ ማሳደር የሌለብን አለ። ሦስቱን መለየት ከቻልን ገንዘባችንም፣ ጥርሳችንም፣ አንዳንዴም ሕይወታችን ይተርፋል። ከሁሉም የሚያታልለው ደግሞ ሳይታከም በራሱ ጊዜ የጠፋ ሕመም ነው።

ያደግንበት ልማድ

እኔ ያደግሁት ወሎ ነው። ጧት መድረሳ እቀራለሁ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት እማራለሁ። በሰፈራችን ጥርሱን የታመመ ሰው ቅርንፉድ ይነክሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ይይዛል፤ ካልተሻለው የእንቧይ ፍሬ ፍም ላይ አድርጎ አፉን ያጥናል። ከዚያ «ትሉ ወጣ» ይባላል። ጥርስ ውስጥ ግን ትል የለም። ጥርስን የሚቦረቡሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የምንበላውን ስኳር ወደ አሲድ እየለወጡ ቀስ በቀስ ያሟሙታል። የጥርስ ሐኪም ጋ የሚኬደው ደግሞ ለማስነቀል ብቻ ነበር።

መድረሳ ውስጥ ጥርሱን የታመመ ልጅ «ሶብር አድርግ» ይባላል። ትምህርት ቤት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የጥርስን ሥዕል ሥለን፣ ክፍሎቹን ጽፈን ነጥባችንን አግኝተናል። ሶብር በዲናችን ትልቅ ቦታ አለው፤ ሥዕሉም ትክክል ነበር። «ሐኪም ጋ መቼ ልሂድ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ከሁለቱም ቦታ መልስ አልሰማሁም። ብዙዎቻችን ካምፓስ የገባነው ይህን መልስ ሳንይዝ ይመስለኛል።

ጥርስ ለምን ያማል?

የጥርስ የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ክፍል እሱ ነው። ነርቭ ስለሌለው መቦርቦር ሲጀምር አያምም። ከሥሩ ዴንቲን የሚባለው ክፍል አለ። ቀዳዳው እዚህ ሲደርስ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው ጥዝ ያደርጋል፤ ውኃው ሲሄድ ሕመሙም አብሮ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ጥርሱ ተጠርጎ ቢሞላ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ርካሹም ቀላሉም ሕክምና ይህ ነው።

መሐሉ ላይ በተለምዶ «ነርቭ» የምንለው፣ የደም ሥሮችም ያሉት ለስላሳ ክፍል አለ። ሌላው የሰውነታችን ክፍል ሲቆጣ ያብጣል፣ ለእብጠቱም ቦታ አለው። የጥርስ ነርቭ ግን ዙሪያውን በደረቅ ግድግዳ የታጠረ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ሲጨመር ግፊቱ እንደሚያድግ ሁሉ፣ የተቆጣው ነርቭ የሚያብጥበት ቦታ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል። ሌሊት ስንጋደም የሚብስብንም ለዚህ ነው፤ ወደ ጭንቅላታችን የሚሄደው ደም ይጨምራልና። ሳይነካ በራሱ የሚነሳ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትኩስ ሻይ ከጠጡ በኋላ ለደቂቃዎች የሚቆይ ሕመም ነርቩ ወደማይድንበት ደረጃ እየሄደ መሆኑን ይጠቁማል። እዚህ ላይ መሙላት ብቻ አይበቃም። ወይ ሩት ካናል የሚባለው የሥር ሕክምና ይደረጋል፣ ወይ ጥርሱ ይነቀላል።

ሐኪም ጋ ሳይሄድ የሰነበተ ሰው አንድ ቀን ሕመሙ ጥፍት ይልለታል። ደስ ይለዋል። የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል ሽቦው ሲቃጠል ዝም እንደሚለው ነው፤ ነርቩ ሞቷል፣ ባክቴሪያው ግን በሥሩ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት መውረዱን አላቆመም።

በረመዷን ያየነው

የዶርማችን አንዱ ወንድም ታሪኩን እንድጽፍ፣ ስሙን ግን እንዳልጠቅስ ነግሮኛል። በታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ላይ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ቀዳዳ ነበረው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነበር የሚያመው። ረመዷን ሲገባ ሌሊት ሌሊት መተኛት አቃተው። አንድ ፋርማሲ ሄዶ «ጥርሴን አመመኝ» ሲል አፉን ያየለት ሰው ሳይኖር የአንቲባዮቲክ እንክብል ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጠፋ። «አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀኝ» አለን፤ የቀረውን እንክብል ለሚቀጥለው ብሎ ሎከሩ ውስጥ አስቀመጠው።

ከሳምንት በኋላ አገጩ ሥር አበጠ። በኢፍጣር ሰዓት አፉ አልከፈት ብሎት ተምሩን በጣቱ እየገፋ ነበር ያስገባው። ከተራዊሕ ስንመለስ ድምፁ ተለውጧል፤ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ነው የሚያወራው። ምራቁን መዋጥ እያቃተው ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ሰውነቱ ይግላል። ሆስፒታል እንሂድ ስንለው «ነገ ሚድ ፈተና አለኝ፤ ከፈተና በኋላ። እስከዚያ ሶብር ነው» አለ።

ፎቃችን ላይ የሚኖር አንድ የጤና መኮንን ተማሪ ጠራን። እጁን አገጩ ሥር አድርጎ ዳሰሰውና ፊቱ ተለወጠ። «ወላሂ ይሄ እስከ ሱሑር አይቆይም፣ አሁኑኑ ተነሱ» አለን። ፕሮክተሩን ቀሰቀስን፣ በካምፓሱ አምቡላንስ ሪፈራል ሆስፒታል ደረስን። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ ከሁሉ በፊት የጠየቁት ስለ ጥርሱ አልነበረም። «ትንፋሽህ እንዴት ነው? ስትጋደም ይብስብሃል?» አሉት። ጀርባው ተደግፎ እንዲቀመጥ አደረጉ፣ በደም ሥሩ መድኃኒት ጀመሩለት። በዚያው ሌሊት መግሉ ተቀድዶ ወጣ፣ ጥርሱም ተነቀለ። ቀናት ተኝቶ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። ዲፓርትመንቱም የሆስፒታሉን ወረቀት አይቶ ፈተናውን ሌላ ቀን ሰጠው።

ይህ በሽታ በሕክምና መጻሕፍት ስም አለው። በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ ስለነበር የሉድቪግ አንጃይና ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከታችኛው ሁለተኛና ሦስተኛ መንጋጋ ጥርስ ነው። የእነዚህ ጥርሶች ሥር ከምላስ በታች ላለው ክፍት ቦታ ቅርብ በመሆኑ ኢንፌክሽኑ ወደዚያ ይወርድና ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፤ የአየር መተላለፊያውንም ይዘጋል። ፔኒሲሊን ከመገኘቱ በፊት ከተያዙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። ዛሬ በጊዜ የደረሰ ሰው ይድናል። «በጊዜ» ሲባል ግን በሰዓት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

እስከ ጧት የማይጠብቁ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ የጥርስ ክሊኒክ እስኪከፈት አይጠበቅም። ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፤ ጁምዓም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን።

አገጭ ሥር ወይም አንገት ላይ የወረደ እብጠት፤ ወይም ከላይኛው ጥርስ ተነስቶ ወደ ዓይን የሚወጣ እብጠት። አፍን ሁለት ጣት ያህል መክፈት አለመቻል። ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ የድምፅ መለወጥ፣ የምላስ ወደ ላይ መነሳት። መተንፈስ መቸገር። ከእብጠት ጋር ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም መድከም። በመውደቅ ወይም በመመታት ጥርስ ሲገጥም አልገጥም ካለ፣ መንጋጋ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። አፍ ውስጥ ተጭነው ይዘውት የማይቆም ደምም ከነዚህ ይቆጠራል።

እንዲህ ያለውን ሰው በጀርባው አታስተኙት፤ ተቀምጦ ይሂድ። ብቻውንም አይላክ።

ከዛሬ የማያልፉ

ማስታገሻ የማይመልሰው ወይም እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም፣ ድድ ላይ የቋጠረ መግል፣ ጉንጭ ላይ የጀመረ እብጠት፣ ነርቩ የታየ የተሰበረ ጥርስ፣ ተመትቶ ከቦታው የተነቃነቀ ጥርስ። እነዚህ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ የጥርስ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። በእኛ ዕድሜ የሚበዛ ሌላም አለ። ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ይወጣል። በግማሽ ወጥቶ ሲቀር ድዱ እንደ ክዳን ይሸፍነውና ከሥሩ ምግብ ይገባል፣ ይቆጣል። አፍ መክፈት ካስቸገረ ወይም ትኩሳት ካመጣ አይናቅ።

ቀዝቃዛ ሲነካው ብቻ የሚያም፣ የወለቀ ሙሌት፣ ሕመም የሌለው ቀዳዳ ወይም ጥቂት የተሸረፈ ጥርስ ቀጠሮ ይዞ ሊጠብቅ ይችላል። ቀጠሮው ግን ይያዝ። የወንድማችንም ነገር እዚህ ደረጃ ላይ የነበረበት ጊዜ ነበር።

ኳስ ሜዳ ላይ ጥርስ ቢወልቅ

ይህን ማወቅ ለእግር ኳስ ተጫዋቾቻችን ግዴታ ነው ብል አላጋንንም። በምት ሙሉ በሙሉ የወለቀ ጥርስ ተመልሶ ሊተከል ይችላል፣ ግን ሰዓቱ ጠባብ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢመለስ የመዳን ተስፋው ከፍተኛ ነው፤ ደርቆ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። ምክንያቱም ከሥሩ ላይ የተጣበቁት ጥቃቅን ሕዋሳት ሲደርቁ ይሞታሉ።

ጥርሱን በሚታየው ነጭ ጫፉ ያዙት፣ ሥሩን አትንኩ። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አለቅልቁት፤ አትፈግፍጉት፣ በሶፍት አትጥረጉት። አቅጣጫውን አይታችሁ ወደ ቦታው መልሱና ተጎጂው ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው። መመለስ ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ ወተት ከላውንጅ አይጠፋም። ወተት ከሌለ በራሱ ምራቅ ይቀመጥ። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መውሰድ ጥሩ አይደለም። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው ግን ጥርሱን ትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ጭንቅላቱ ይቀድማል። ለታናናሾቻችሁም የምታስታውሱት አንድ ነገር አለ፤ የወተት ጥርስ ከወለቀ ተመልሶ አይተከልም።

ሎከር ውስጥ ስላለው መድኃኒት

አሞክሳሲሊን የሕመም ማስታገሻ አይደለም። የተቆጣ ነርቭን አያድንም፤ የቋጠረ መግልም ካልወጣ መድኃኒቱ ብቻውን አይጨርሰውም። ምንጩ የተበላሸው ጥርስ ነው፤ ምንጩ እስካለ ነገሩ ይመለሳል። ከጓደኛ የተረፈ አምስት እንክብል መዋጥ በሽታውን ይሸፍነዋል፣ ባክቴሪያውንም ያለማምደዋል።

ለማስታገሻ ፓራሲታሞል ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚኖር ደርባችሁ እንዳትወስዱ። አይቡፕሮፌን ለጥርስ ሕመም ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት፣ አስሙ በእንዲህ ያለ መድኃኒት የሚነሳበት፣ እርጉዝ የሆነች እህት ሐኪም ሳይጠይቁ መውሰድ የለባቸውም። በጾም ጊዜ ደግሞ በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ በኋላ ይሁን። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥለዋል፤ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ከዚያ አልፎ ቀዳዳ አይደፍንም።

ጥርስ ካስነቀላችሁ በኋላ የተሰጣችሁን ጎዝ ሳታነሱ 30 ደቂቃ ያህል አጥብቃችሁ ንከሱ። በየደቂቃው እያነሱ ማየት የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ለ24 ሰዓት በኃይል መጉመጥመጥና መትፋት ይቅር። ለውዱእ ስለሚደረገው መጉመጥመጥ ለኡስታዞቻችን ሁኔታችሁን ነግራችሁ ጠይቁ።

«ጾሜ ይበላሽብኛል» ለምንል

ወንድማችን ቀን ቀን ክሊኒክ ያልሄደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ባደረገው 10ኛ ጉባዔው በዚህ ላይ ውሳኔ አሳልፏል። ጥርስ መቦርቦር፣ መንቀልና ማጽዳት፣ እንዲሁም ሲዋክና ብሩሽ መጠቀም፣ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ከመዋጥ እስከተቆጠብን ድረስ ጾም አያበላሽም። ምግብነት የሌለው መርፌም እንዲሁ። ከዚህ አልፎ ሕመሙ የጸና ከሆነ፣ የታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ጊዜ ቀዷ እንዲያወጣ አላህ በሱረቱል በቀራ ፈቅዶለታል። ዝርዝሩን ዑለሞችን እንጠይቅ፤ ጥያቄው ግን ሕክምናውን አያዘግይብን።

ለእህቶቼም አንድ ነገር ልበል። ሴት ሐኪም መፈለግ መብታችሁ ነው፤ ከተገኘች መልካም። በድንገተኛ ጊዜ ግን ያለው ሐኪም ያክማችሁ። የሴቶች ዶርም በር ሌሊት ቢዘጋም ለሕመም ይከፈታል፤ ፕሮክተሯን ለመቀስቀስ አትፈሩ።

መድረሳ ሳለን ሸሪዓ ከሚጠብቃቸው አምስት ነገሮች አንዱ ነፍስ እንደሆነ፣ ጉዳት መወገድ እንዳለበትም ቀርተናል። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም መታከምን አዘዋል፤ ሲዋክንም እጅግ አጥብቀው አበረታተዋል። ስለዚህ የሶብር ቦታው የት እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነው። በሆስፒታሉ ወረፋ ላይ ሶብር አለ፤ በመርፌው፣ በማሽኑ ድምፅ፣ በወጪውም ሶብር አለ። ሰበቡን ሳናደርስ ዶርም ውስጥ ተጠቅልሎ መተኛትን ግን ሶብር ብለን አንጥራው።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልናደርገው የምንችለው ቀላል ነው። የተማሪዎች ክሊኒክ የጥርስ ሕመምተኛን ወዴት ሪፈር እንደሚጽፍ፣ ሌሊትስ አምቡላንስ በማን በኩል እንደሚጠራ በየፎቁ አንድ ሰው ጠይቆ ይወቅ። ከሱሑር በኋላና ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እንቦርሽ፤ ሲዋኩም በየሶላቱ ይቀጥል። ቀዳዳ ያለው ሰው ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ያስሞላ። አብሯችሁ ከሚኖረው ልጅ «ጥርሴ ለቀቀኝ» የሚል ወሬ ከሰማችሁ ደግሞ አልሐምዱሊላህ በሉና «ታከምክ ወይስ ዝም ብሎ ጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።